ረጅሙ ክር

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ቆማ እጇን ወደ አሸንዳው ዘረጋች፤ አልደረሰችም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አንዲት የድንቢጥ ጫጩት በአንድ እግሯ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላለች። ክንፏን ታርገበግብና ይደክማታል፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጀምራለች። እናቲቱ ሽቦ ላይ ሆና ሳታቋርጥ ትጮኻለች። ጫጩቷን የያዛት ክር ቀይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ገና ስታየው ነው ያወቀችው፤ ባለፈው ወር የሠራተኞች ቱታ የሰፋችበት፣ በጥርስ እንኳ አልበጠስ የሚል ናይለን ነው።

ከወንበሩ ወርዳ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ወደ ደጅ መጎተት ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት አርባ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ወለሉ ላይ ተበተኑ። እያንዳንዳቸው ውስጥ የተጠቀለለ ክር አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ይዛቸው የልጇ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረባት።

ነገሩን ያመጣው ምንም አለመጣል የሚባለው አመሏ ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገበያ ቦርሳ ትሰፋለች፤ የልብስ እጣቢ ለአበቦቹ ይሄዳል፤ ከደረጃው ሥር ለመንገድ ውሾች ውሃ በሳህን ይቀመጣል። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ወፎች ጎጆ እንዲሠሩበት የክር ትርፍራፊ መስኮቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ለአራት ጎረቤቶችም አካፍላለች። ልጇ ይህን ክፍል ውስጥ ስታወራ መምህርቷ ሰማችና፣ እናትሽ መጥታ ለልጆቹ ታሳያቸው፣ ለየቤታቸውም ትስጣቸው ብላ ላከች።

ክሩን ስትመርጥ ረጅም ረጅሙን ነበር። በእሷ ሙያ አጭር ክር ክር አይባልም፤ ተጠርጎ የሚጣል ነው። ለወፎቹ ጥራጊ መስጠት ነውር መስሎ ታያት። ስለዚህ ከክንድ የማያንሰውን እየለየች፣ በሁለት እጇ ሳብ ሳብ አድርጋ ጥንካሬውን እየፈተነች ነበር የምታስቀምጥላቸው።

ጩኸቱን ሰምቶ ከጎኗ ካለችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት ሠሪው ወጣ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ደቂቃ ይለዋል፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ "አንድ ደቂቃ" ስለሚል። ጉልበቱ መውጣት እንደማይችል ተናግሮ ወንበሩን ግጥም አድርጎ ያዘላት። ጠረጴዛው ላይ በተጫነው ወንበር ወጥታ ክሩን ከላይ ቆረጠችና ጫጩቷን በመዳፏ አወረደቻት። የትንሿ ወፍ ልብ ፔዳሉ እስከ ታች እንደተረገጠ የስፌት መኪና መርፌ ይመታል።

ሱቁ ገብተው ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ በወረንጦው ክሩን ፈለገ። ሰባት ዙር ነው አለ። ከሥር ያለው ዙር ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።

"እጅሽን አታንቀሳቅሺ።"

"እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ እሷ ናት።"

"እሷማ ትንቀሳቀስ፣ መብቷ ነው። አንቺን ነው ያልኩት።"

"ቶሎ ያልቃል?"

"አንድ ደቂቃ።"

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ክሩ ሲወጣ የጫጩቷ እግር ከታች ጠቁሮ ነበር። ይድን እንደሆን ጠየቀችው።

"እኔ የማውቀው ሰዓት ነው" አለ ማጉያውን እያወለቀ። "ሰዓት ቢሆን መለዋወጫ አለው።"

ጫጩቷን ልትመልስ ደግማ ስትወጣ ጎጆውን አየችው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፤ ግማሹ የእሷ ክር ነው። ሁለት ሌሎች ጫጩቶች መሃል ተቀምጠዋል፤ በአንዷ አንገት አጠገብ ልቅ የክር ቀለበት አለ። ትንፋሿን ይዛ ያየችውን ቀለበት ሁሉ በትንሿ መቀስ ቆረጠች። ጫጩቷንም ከጎናቸው አስቀምጣ ወረደች።

ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ሮጠች። አራቱም በር ላይ የተናገረችው ውሸት ነው፤ ለጀመረችው ልብስ ክር አንሷታልና የሰጠቻቸውን እንዲመልሱላት። ከአራቱ አንዷ፣ ሰጥተሽ መንጠቅ ከመቼ ወዲህ ነው ብላ ቀለደችባት። እሷም ሳቀች፤ ፊቷ ግን ጋለ። የሦስቱ መስኮት ላይ ከተሰቀለው ክር እኩሌታው የለም፤ ወፎቹ ወስደውታል። የት ጣሪያ ሥር እንዳለ ማን ያውቃል።

ስትመለስ ሰዓት ሠሪው ከረጢቶቹን ለቅሞ ደርድሮላት አገኘችው።

"ማንም አላየም" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቆራርጪና አጭር አድርገሽ ለልጆቹ ስጪ። እኔ እንደሆንኩ አፌን ዘግቻለሁ።"

መቀሱን አነሳች። የመጀመሪያውን ከረጢት ክር በጣት ልክ ቆራረጠችው፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። የሰጠቻቸው ሲያልቅ አርባ ሁለቱም ልጆች የእናቶቻቸውን የመርፌ ሣጥን ይከፍታሉ። ለወፍ ነው ብለው መልካም መልካሙን፣ ረጅም ረጅሙን ይመርጣሉ። ልክ እንደ እሷ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጇ ከረጢቶቹን ልታግዛት እየሮጠች መጣች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን ለዛሬ ብላ ራሷ ነው የሠራችው። እናቷ የሆነውን ሳትቀንስ ነገረቻት። ልጅቷ ወጥታ ጎጆውን ከታች ቀና ብላ አየችና ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ስለ ጫጩቷ ግን አትንገሪያቸው።"

"ለምን?"

"ለሁሉም ያወራሁት እኔ ነኛ። እናቴ የወፎች ልብስ ሰፊ ናት ብዬ።" የሠራችውን ጸጉሯን በእጇ ነካካች። "እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይስቁብኛል። አሞኛል በይ። እኔ ሄጄ እነግርልሻለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሰባት ሊሆን ነው። አሞኛል ማለት ቀላል ነው። ልጇን ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን ካቀፈቻት እሺ እንደምትላት ገባት።

"የክፍላችሁ የመጨረሻው ወንበር ሩቅ ነው?" አለቻት።

"ሩቅ ነው። ምነው?"

እናቷ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሄደች። ከሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ያንን ቀይ ክር ከነቋጠሮው፣ ጫፉ ላይ ከደረቀው ደም ጋር አምጥታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። እጇ አጠገብ የነበረውን ጥቁር ጨርቅ ገፋ አደረገችና ከመደርደሪያው ነጩን አወረደች። ሁለት ስንዝር ለክታ ቆረጠች፤ ክሩንም ከኋላ ለተቀመጠ ልጅ እንዲታይ መሃሉ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው።