የጁሲማራ አምስት ደቂቃ

ጁሲማራ ጭማቂውን በትሪ ይዛ ወደ ሳሎኑ ስትቃረብ፣ አንዲት ወጣት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ ጁሲማራ እባላለሁ» ስትል ሰማች።

ክው ብላ ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

ነገ የጥቁሮች ንቃት ቀን ነው። በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ አደባባይ በሚደረገው ሰልፍ ላይ ከሚናገሩት መካከል ለአንዲት የቤት ሠራተኛ አምስት ደቂቃ ተመድቧል፤ የሠራተኞቹ ማኅበርም ጁሲማራን መርጧታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት እየወለወለች ለራሷ መልክ ስትናገር ከርማለች። ስሟን በዝርዝሩ የሚያሰፍሩት የሰልፉ መሪ፣ የአሥራ አንድ ዓመት አሠሪዋ ፕሮፌሰር ቫልዴሊስ ናቸው፤ እንደ እርሷው ጥቁር፣ «እትዬ አትበይኝ፣ እህቴ በይኝ» የሚሏት ሴት።

«በሰባት ዓመቴ ከትንሿ ከተማ ከካሾኤራ አምጥተው ለአንድ ነጭ ዳኛ ቤት ሰጡኝ» ቀጠለች ወጣቷ። «ከውሻው ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ አደርኩ።»

ይህን ጁሲማራ ለማንም ነግራ አታውቅም። አንድ ቀን አደንጓሬ ስትለቅም እንባ ቢያሸንፋት፣ ለፕሮፌሰሯ ብቻ ነበር የተነፈሰችው።

ገባች። ሰልፉን በሚያዘጋጁ አምስት ሴቶች መካከል የፕሮፌሰሯ ተማሪ ታይናራ ቆማለች። የታጠቀችው ጁሲማራ ትናንት አጥባ የተኮሰችውን ነጭ ሽርጥ ነው።

«ግሩም!» አሉ ፕሮፌሰሯ እያጨበጨቡ። «ሽርጡ ብቻ ትንሽ ይቆሽሽ። እንዲህ ከነጣ ማን ያምነናል?»

ጁሲማራ ትሪውን እንደያዘች ወደ ፕሮፌሰሯ ቀረበች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የኔ ታሪክ ነው።»

«ነዋ! ላንቺ ክብር ነው፣ ጁሲዬ። ሃያ ሺህ ሰው ፊት ምላስሽ ቢተሳሰርስ? ታይናራ ድምፅ አላት፣ ትምህርት አላት።»

«ማኅበሩ የመረጠው እኔን ነው። ደግሞ ሰባት ሳይሆን ስድስት ዓመቴ ነበር። ምንጣፉ ለውሻው ነው፤ እኔ ሲሚንቶው ላይ ነበርኩ።»

ታይናራ ወደ ፕሮፌሰሯ ዞረች። «እሷ ታፍራለች፣ እምቢ ብላለች ብለውኝ አልነበር?»



«ነገ ራሴ እናገራለሁ» አለች ጁሲማራ።

«ነገማ እንዴት ይሆናል? ከሪዮ ለሚመጡት ሠላሳ እንግዶች ዓሣውን ማን ሊሠራ ነው?»

ፕሮፌሰሯ የገዛ ቃላቸውን ዘግይተው የሰሙት ይመስል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጁሲማራ ቁጣ እንኳ አልመጣላትም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

ታይናራ ሽርጡን ለመፍታት ከጀርባዋ ብትታገል ቋጠሮው እምቢ አላት።

«ነይ፣ ጠጋ በይ። እንዲህ ነው እንዴ የሚታሰረው? በሬ የምትጠምጂ ነው የሚመስለው» አለች ጁሲማራ፤ ፈታችላትም። «በይ አሁን ስሜን ጻፊልኝ።»

ታይናራ ዝርዝሩን ከፕሮፌሰሯ ፊት አነሣች። የራሷን ስም ሰረዘች፤ «ጁሲማራ» ብላ ጻፈችና ብዕሯን አቆመች።

«የቤተሰብ ስምስ?»

ፕሮፌሰር ቫልዴሊስ፣ ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ፣ ቀድመው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። አያውቁትም ነበር።