ከማረሚያው በር ወዲያ

«እማማ ከሪማ፣ ሂሻም የት ነው ያለው?»

እማማ ከሪማ ያውቃሉ። ሂሻም ከጀርባቸው፣ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ውጧል። እሳቸው የተቀመጡበትን ዱካ ጓዳው መግቢያ ላይ አስጠግተው ምስር ይለቅማሉ። አንዴ የለቀሙትን መልሰው ይለቅማሉ።

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በስሜ የምትጠሪኝ? እማየ ማለት ቀረ?»

«ለሥራ ስትጠይቁ በስም ጥሩ ተብለናል» አለች ዊዳድ። የማረሚያ ቤት ጥበቃ ናት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ባደገችበት ቤት ደፍ ላይ ቆማለች።

«እኔ አሁን ሥራ ሆንኩልሽ?»

የልጅ ልጃቸው ዓይኗን ወደ ጫማዋ ሰበረች።

ጎረቤታቸው፣ የሂሻም እናት ፋጡማ፣ ከሞተች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ሂሻም አይሱዙ እየነዳ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሰው ገጭቶ ነው የታሰረው። ለእናቱ ቀብር የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡት። ትናንት ሊመለስ ጫማውን ሲያጠልቅ የያዙት እማማ ከሪማ ናቸው። «እስከ ሰባተኛው ቀን ሰደቃ ቆይ፣ ልጄ። ማን ይፈልግሃል? የጥበቃ ሥልጣን እንደሁ ከበሩ አያልፍ» አሉት። የሚያውቁትን ነው የነገሩት። ፈቃዱን ያሳለፈ እስረኛ ሲኖር ሽማግሌ እጁን ይዞ ያስገባው ነበር፤ ተቆጥተው ይቀበሉታል፣ ያልፋል። ይህንንም የነገረቻቸው ራሷ ዊዳድ ነበረች፣ ሥራ በያዘች ሰሞን።

«አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ እማየ። ካለፈው ወር ጀምሮ ለእኛም ሥልጣን ተሰጥቷል። ከፈቃድ የቀረን እስረኛ ውጭም ቢሆን እንይዛለን። አለ የተባለበትን ቤት እንፈትሻለን።»

«የሰው ቤት?»

«የማንንም ቤት።»

«የእኔንም?»

ዊዳድ ቆቧን አውልቃ በእጇ አዟዟረችው። «እስከ አስራ አንድ ሰዓቱ ቆጠራ በገዛ እግሩ ከገባ ዘገየ ተብሎ ይታለፋል። ካለፈ ግን አመለጠ ተብሎ ይጻፋል። በአመክሮ ሊወጣ አራት ወር ነው የቀረው። እሱም ይቀርበታል፣ ሌላ ክስም ይከተለዋል።»

«እንግዲያ ሸህ በሺርን ልላክባችኋ! እጁን ይዘው ያስገቡት።»

«ሽማግሌ መቀበል ቀርቷል። የመያዣ ወረቀቱ በእኔ ስም ነው የወጣው። ጎረቤትሽ ነው፣ አታጪውም ብለው ሰጡኝ።»

እማማ ከሪማ ጆሯቸውን ወደ አጥሩ ጣል አደረጉ። አራት ቀን ሙሉ እንዲሁ ናቸው። ፋጡማ ብትኖር ይኼኔ ከወዲያ ሆና «ከሪማ! ድምፅሽ ጠፋሳ፣ ሞተሻል እንዴ?» ትል ነበር፤ የተቋጠረውን ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ትፈታው ነበር። ያቺን ድምፅ የውሃ ጥም ያህል ተጠሟት። አጥሩ ዝም አለ።

«ያጠባችሽን ረሳሽ?» አሉ በመጨረሻ። ልጃቸው ዊዳድን ወልዳ ደም ፈሷት በሞተች ማግስት፣ ፋጡማ ነበረች ሕፃኗን ከእጃቸው ተቀብላ ሂሻምን በአንደኛው፣ ዊዳድን በሌላኛው ጡቷ ያጠባች።

«አልረሳሁም! ለዚህ አይደል ብቻዬን የመጣሁት? ባልደረቦቼን ሰኞ ገበያ ያለው ሻይ ቤት አስቀምጫቸው ነው። እኔንስ አልናፈቀችኝም? ለቅሶዋን እንኳ አልተቀመጥኩም። ፈረቃ ላይ ነበርኩ።»

እማማ ከሪማ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

«ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። በድሮው ሕግ መክሬ ልጁን ገደል ከተትኩት። ያ ረቢ! እኔን ውሰጂኝ።»

«አንቺንማ ሴቶች ክፍል ባስገባሽ፣ በሳምንቱ ጥበቃውን ሁሉ ምስር ታስለቅሚው ነበር።» ሳቋ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መጋረጃውን አየች። እማማ ከሪማም ስታየው አዩ። ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት።

ዊዳድ ግን ጫማዋን አወለቀች።

«አልፈትሽም» አለች፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሥልጣኑ አለኝ፤ ይቺን ቤት ግን አልፈትሽም። ውዱዕ አድርጌ የአስርን ሰላት ልስገድ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሌሎች ናቸው።»

ከውጭ ታጥባ ገባች። ምንጣፉን አነጠፈች፣ ለመጋረጃው ጀርባዋን ሰጠች፣ እጇን ወደ ጆሮዋ አንስታ ሰላቷን ጀመረች።

እማማ ከሪማ የልጅቱን ጀርባ አዩ። ሰባተኛው ቀን ታያቸው፣ ሂሻም የማይቀመጥበት ሰደቃ። አመት አብሯቸው ቢደበቅ በወደዱ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ዱካቸውን ከጓዳው መግቢያ ጎትተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት።

መጋረጃው ተገለጠ። ሂሻም አራት ቀን ያልተላጨ ፊቱን ይዞ ወጣ። እናቱን፣ ቁርጥ እናቱን ይመስላል! እህል ቅመስ ሊሉት፣ ቆይ ሊሉት፣ ይቅር በለኝ ሊሉት አሰቡ። እሱ ቀደማቸው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በሰጋጇ ፊት ላለማለፍ በኋላዋ ዞረ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ከቤት ወጣ።

በመስኮት ተከተሉት። ከከተማው ወደሚያርቀው የኩታበር መኪና መሳፈሪያ የሚያወጣውን ዳገት ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደ።