የማታልቀው ሙዳይ

...እና ይኸው ትሰፋለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፎቶዎቹ እስኪመጡ ስክሪኑ መሐል የምትታየው ትንሽ ሙዳይ ራሷን በራሷ ትሰፋለች፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ዙር በዙር፣ ሳትደናቀፍ፣ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም፣ ባለፈው ሳምንት ፎቶዎቹን የሚጭነውም ሙዳይዋን የሚስለውም አንዱ ትሬድ ነበር፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አንድ ለእናቱ የሆነ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ያ ምስኪን ፎቶ ሊያመጣ ሲሄድ ሙዳይዋ ደርቃ ትቀራለች፣ ሰዉ ደግሞ የደረቀ ነገር ሲያይ ማውሱን መደብደብ ነው የሚያውቀው። አሁን ግን ዒምራን ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። ጭነቱ ከኋላ፣ በሌላ ትሬድ። ስፌቱ ከፊት። ማን ማንን ይጠብቃል? ማንም።

ሐጃ ናፊያ መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑ ላይ አጎንብሰዋል። ጀጎል ውስጥ ስፌት ሲሰፉና ሲሸጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው፣ የፈርዶሳ እናት ናቸው፣ ዛሬ ደግሞ ዳኛ ናቸው። ፈርዶሳ በስልክ ነግራዋለች፣ እማዬ አንተን አልጠላችህም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ምንድነው የሚሠራው ትላለች፣ ና አሳያት፣ ሳታሳያት ሽማግሌ እንዳትልክ። እሺ፣ ለሱቃቸው ፕሮግራም ሠርቶ መጥቷል፣ ደንበኛ ቁጭ ብሎ ያለውን ሙዳይ ሁሉ በፎቶ የሚያይበት፣ የቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሙዳዮች እንኳ እሱን የሚገመግሙት ይመስለዋል፣ ይገምግሙ፣ ምን ያመጣሉ።

ጭነቱ ትንሽ ቆየ ግን።

ትንሽ አይደለም፣ ቆየ፣ ቤቱ ሲሞክረው ፎቶዎቹ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነበር የሚመጡት፣ ሙዳይዋ አፏ ላይ ደርሳ እንደገና ከታች ጀመረች፣ የዒምራን ዐይን ወደ ላፕቶፑ ጎን ይንሸራተታል፣ ፍላሹ መሰካት ያለበት ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ያ አላህ፣ ፎቶዎቹ በሙሉ ያሉበት ፍላሽ ፈረስ መጋላ ገበያ፣ ጓደኛው ሙሜ ሱቅ፣ ሙሜ ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል፣ ጠዋት ሁለት የነሺዳ ዜማ ልቅዳበት ሲለው እሺ ያለ ምላስ ይቆረጥ። ስለዚህ ከኋላ ያለው ትሬድ ሞቷል። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ፣ ስሕተት ሲፈጠር የሚወጣውን መልእክት ኋላ እጽፈዋለሁ ብሎ የዘለለው ማን ነው፣ ራሱ ነዋ፣ የፊተኛዋ ደግሞ ጓደኛዋ መሞቱን ማን ነግሯት፣ ትሰፋለች፣ እስከ ቂያማ ትሰፋለች።

ማሻአላህ፣ ይላሉ ሐጃ፣ አታርፍም እኮ፣ ፈርዶሳ ነይ እይ። ፈርዶሳ ከውስጥ ክፍል ብቅ ትላለች፣ ሙዳይዋን ታያለች፣ ከዚያ የሱን ፊት ታያለች፣ ገባት፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አትሳቂ፣ በአላህ ይሁንብሽ አትሳቂ። ዝም ቢልስ? ሴትየዋ ደስ ብሏቸዋል። ኔትወርክ ነው ቢላቸው፣ በዚህ አገር ኔትወርክ ነው ብሎ ያልታመነ ሰው የለም፣ ላፕቶፑን ከድኖ ነገ ፍላሹን ይዞ መምጣት፣ አለቀ። ግን ከዚያ በኋላ አማቱ ሊሆኑ ነው፣ በየዒዱ እጃቸውን ሊስም ነው፣ በሳማቸው ቁጥር ይቺ ሙዳይ ትዝ ልትለው ነው፣ ያፍራል፣ ከልቡ ያፍራል።

ሐጃ፣ ውሸት ነው፣ ይላል አፉ፣ እሱ ሳያዘው። ፎቶዎቹን ረስቻቸው መጥቻለሁ። ይቺ የምትሰፋው ለዐይን ነው፣ ከኋላዋ የሚሠራ የለም፣ እስከ መግሪብ ሶላት ብንቀመጥም አትጨርስም።

ሙዳይዋ ትሰፋለች፣ ምናለ አሁን እንኳ ብትቆም።

ሐጃ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። የፈርዶሳ አባት፣ አላህ ይርሐመው፣ ሱቁ ውስጥ ልክ እንደዚህ ነበር፣ ይላሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እጁ አያርፍም፣ ያወርዳል፣ ይሰቅላል፣ ይጠርጋል፣ ምን ሠራህ ስለው ግን አንድም ነገር የለም። እሱ ሳይነግረኝ ሞተ። አንተ ገና ወደ ቤተሰቡ ሳትገባ ነገርከኝ።

ይሄ ምርቃት ነው ወይስ ስድብ? ፈርዶሳ አፏን በሻሿ አፍና በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ከሷ ምንም አይገኝም።

ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎችህን ላክ፣ ይላሉ ሐጃ፣ ይቺን ደግሞ እንዳትዘጋት፣ ጎረቤቶቼን ልጥራ። ተነሥተው ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ መሰለው፣ ይጠብቃሉ እንጂ፣ አንድ ቃል ነው የሚፈለገው፣ እሺ በል እንጂ ትላለች ፈርዶሳ፣ በድምፅ ነው ያለችው፣ እናቷ እየሰሙ፣ እሺ፣ እሺ ሐጃ፣ ዓርብ፣ ከዐስር በኋላ፣ ዓርብ፣ እሺ፣