የሚጣ ክብደት

“ሚጣ፣ በሞቴ፣ ትንሽ ጎንሽን አሳርፊ” አሉ አክስቷ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰቡ። “ዓይንሽ እኮ ሰረጎደ። ለሟች ሊያለቅስ የመጣው ሰው አንቺን ሲያይ እንደ አዲስ ይጀምራል።”

“እሺ፣ እተኛለሁ” አለች። ውሸቷን ነበር።

እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ሸለብ ባደረጋት ቁጥር አንድ እጅ ደረቷ ላይ ያርፋል። አይጫንም፣ አይዳብስም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብንን ብላ ስትነሳ ማንም የለም። ለአክስቷ ብትነግራቸው ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቶ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ዋጥ አደረገችው። ከሁሉ የሚያስፈራት ደግሞ እጁን ማወቋ ነው።

እናቷ ለሕፃናት ማደንዘዣ የምትሰጥ ሐኪም ነበረች። በኋላም ይህንኑ ሥራ ለሌሎች ሐኪሞች ለማስተማር ከአገር አገር ስትዞር ኖረች። ቤት በምትውልባቸው ጥቂት ቀናት፣ ልጇ ስትተኛ ትመጣና መዳፏን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትቆማለች። አትስማትም፣ አታወራትም። ሚጣ የተኛች መስላ መሳሟን ስትጠብቅ እንቅልፍ ይወስዳታል። “ለሰው ልጅ እናት፣ ለእኔ ሐኪም” ትል ነበር አድጋ ስታኮርፍ። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

“እኔ ላይ ልምምድ ነበር የምትሠሪው?”

“አዎ” አለች እናቷ። ሌላ ነገር ልትጨምር ስትል ስልኳ ጠራ። ነገሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቷ በጠራራ ፀሐይ ጋደም እንዳለች በዚያው ቀረች። ሚጣ ከግድግዳው ወዲህ ልብስ ትተኩስ ነበር፤ ኮሽታ እንኳ አልሰማችም።

ብርጭቆዎቹ ሳይታጠቡ አንዲት ረጅም ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ከሩቅ አገር የመጣች፣ እናቷ ካስተማረቻቸው ሐኪሞች አንዷ ናት። አብረው ሲሠሩ ቋንቋውን ሰባራ ሰንጣራ አድርጋ ለምዳዋለች።

“ሚጣ ማለት እሷ ናት” አሉ አክስቷ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ሴትዮዋ ክው አለች። “ሚጣ... ሰው ናት?”

“ታዲያ ምን መስላሽ ነበር፣ ድመት?”

እንግዳዋ ከሚጣ አጠገብ ተቀመጠች። “እናትሽ መብራት ይጠፋል፣ ማሽን ይበላሻል ትለን ነበር። ሕፃኑን ካስተኛችሁ እጃችሁ ደረቱ ላይ ይሁን፤ ትንፋሹ ሲዛባ መዳፋችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል። ግን ምን ያህል እንጫን? በወሬ አይገባም። ተራ በተራ ታጋድመንና እጇን ደረታችን ላይ ታደርጋለች። ‘ይሄን ያህል’ ትላለች፣ ‘ይሄ የሚጣ ክብደት ነው።’ በየአገሩ ያለን ተማሪዎቿ ሁሉ እንደዚያ ነው የምንለው።”

አክስቷ ብርጭቆዎቹን መልሰው አስቀመጡ። “ሕፃን ሳለሽ ታመሽ፣ ተኝተሽ ትንፋሽሽ ቀጥ ብሎ ነበር” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከዚያ ወዲህ እጇን ካላሳረፈችብሽ አታምንም። እንዳትፈሪ ብላ ነው ያልነገረችሽ።”

ሚጣ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። “አሳዪኝ” አለች እንግዳዋን።

የሴትዮዋ መዳፍ ደረቷ ላይ አረፈ። ያው እጅ ነው።

“መቼ ነው የምታነሱት?”

“ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ። ሳይነቃ እጅ አይነሳም። በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር።”

እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት። ስትነቃ ፀሐይዋ ዞራለች፤ መዳፉ ደረቷ ላይ ነው። ዓይኗን ገለጠች። ክብደቱ ተነሳ። ሴትዮዋ ግን በሩ ላይ ቆማ የሻይ ብርጭቆ ይዛለች።

“አትቀየሚኝ” አለች በእፍረት። “አክስትሽ ጠርተውኝ ገና እንደተኛሽ ተነስቻለሁ።”

ሚጣ ተነስታ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። እናቷ በሞተችበት ቀን እዚህ ማንም እጁን አላሳረፈባትም። ተንበረከከችና መዳፏን እናቷ ትጋደምበት በነበረው ቦታ ላይ አደረገች። አልተጫነችም፣ አልዳበሰችም። ፍራሹ በቀስታ ከፍ ዝቅ ያለ መሰላት።

“ሚጣ! ሰው ሊሄድ ነው፣ ነይ ሸኚ!” ተጣሩ አክስቷ ከሳሎን።

“መጣሁ” አለች። እጇን ግን አላነሳችም።