ያልነበረው ግልገል

ከደሴታችን ከፒኮ እስከ አሜሪካ ባለው ውሃ ላይ እንደኔ ጀልባ የሚነዳ ሰው አልተወለደም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም ትለው ነበር። አንድ ጥር ላይ ማዕበሉ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ሲደውል ሲያድር፣ እኔ በአንድ እጄ ምጥ የያዛትን ሴት፣ በሌላው መሪውን ይዤ ወደ ጎረቤት ደሴት ወደ ፋያል ተሻግሬያለሁ። የተወለደው ልጅ ዛሬ ፖሊስ ሆኗል። ሁለቴ ቀጥቶኛል።

ዓይኔም ጭልፊት ያስንቃል። ነገር ግን ጀልባ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ነባሪ መፈለግ በቆሎ ማሳ ውስጥ ተኝቶ ላም እንደ መፈለግ ነው። የሚያየው ከላይ ያለ ሰው ነው። የእኛ የላይ ሰው ጋሽ ሊዱዊኖ ነበሩ።

ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት ነጭ ማማ አለች። መስኮቷ እንደ ፖስታ ሣጥን አፍ አግድም የተሰነጠቀ ነው። ጋሽ ሊዱዊኖ በወጣትነታቸው እዚያ ተቀምጠው ለዓሣ ነባሪ ገዳዮቹ ይጠቁሙ ነበር፤ የእንስሳው ትንፋሽ ከውሃው ላይ ሲረጭ ሲያዩ ርችት ይተኩሳሉ፣ የመንደሩ ወንድ ማንኪያውን ጥሎ ወደ ጀልባው ይሮጣል። መግደሉ ሲቆም ማማዋም እሳቸውም ባሉበት ቀጠሉ። አሁን የሚጠቁሙት ለእኛ፣ ለአስጎብኚዎቹ ነው። ጎህ ሲቀድ የሩቅ ማሳያ መነጽራቸውን መስኮቱ ላይ ይደግናሉ። እኛ ደግሞ እንቅልፍ ያልጨረሱ ቱሪስቶቻችንን ጥቁር የጎማ ልብስ አልብሰን፣ ወደቡ አፍ ላይ ቆመን የሬዲዮውን ድምፅ እንጠብቃለን።

«ጓልተር፣ ከወደቡ ግንብ በስተደቡብ። ቀስ በል። በፊት በኩል እንዳትመጣበት።»

«ጓልተር፣ ሞተርህን አጥፋ።»

«ጓልተር፣ በቃህ። ቦታውን ለሌላው ልቀቅ።»

በዓለም ላይ እኔን ማዘዝ የሚችሉ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሚስቴ ሞክራ ትታዋለች።

በዚህ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ነገሩ ተበላሸ። ሂድ ያሉኝ ቦታ ሄጄ የማገኘው ውሃ ሆነ። ያውም በጣም ብዙ ውሃ። የመጀመሪያው ቀን ሬዲዮው «አገኘህ?» ሲለኝ፣ በድምፃቸው ውስጥ ያልለመድኩት ነገር ሰማሁ። እኚያ ቆፍጣና ሰው የሚለምኑ መሰለኝ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጃቸው ካናዳ ሄዶ የቀረ ነው። ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ያቺ ማማ ብቻ ናት።

«አግኝቻለሁ ጋሼ!» አልኩ። «ካቴድራል ያህላል!»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው አገኝ ነበር። ቱሪስቶቹ ግን አያገኙም። «አሁን ጠለቀ፣ ለጥቂት አመለጣችሁ» እላቸዋለሁ። ዓሣ ነባሪ አንዴ ከጠለቀ ረጅም ጊዜ ሳይወጣ ይቆያል፤ እግዜር ይህን እንስሳ ሲፈጥር እንደኔ ያለውን ሰው አስቦ መሆን አለበት።

የጀልባዎቹ ባለቤት ዴዎሊንዳ ናት። የጋሽ ሊዱዊኖ የክርስትና ልጅ ናት፤ እኔም ገና ጥርስ ሳታወጣ ነው የማውቃት። አንድ ምሽት ቡና ቤት ውስጥ አረቄዬን ይዤ፣ አንድ ሻርክ ከጀልባዬ ላይ በጥፊ ስለማባረሬ ለሰው ስናገር መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጋሽ ጓልተር፣ በዚህ ሳምንት ስንት ዓሣ ነባሪ አየህ?»

«ኧረ አይቆጠሩም፣ ይቀየማሉ።»

«ደንበኞቹ አንድም አላየንም ብለው ነው የሚጽፉት።»

«የከተማ ሰው ምን ያያል? ስልኩን ነው የሚያየው።»

«የቤልሚሮ ሰዎችስ? እነሱም የከተማ ሰዎች ናቸው። በየቀኑ ነው የሚያዩት።»

ቤልሚሮ ሁለተኛዋን ጀልባ የሚነዳ፣ ምላሱ እንደ ኮምጣጤ የሆነ ጎልማሳ ነው። ማማውን መስማት ትቶ በራሱ አፍንጫ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል።

«ነገ ካንተ ጋር እወጣለሁ» አለችኝ። «አባባ ሊዱዊኖ አንድ ካገኙ፣ በጋውን ይቆያሉ። ካላገኙ ማማውን እዘጋለሁ። ውሃ ውስጥ የሚወርድ ማዳመጫ አዝዣለሁ፤ የዓሣ ነባሪዎቹን ድምፅ ሰምቶ አቅጣጫ ይነግረናል።»

«ከዚያ ማማ ወርደው ምን ሊሆኑ ነው? የት ሊቀመጡ?»

«ይህን ሳስብ የማድር አይመስልህም?»

«እንግዲያው አትዝጊው።»

«ጀልባዎቹ ባዶ ከሆኑ እኮ ማማውም አንተም እኔም የለንም።» ተነሳች። «ደግሞ ሄደህ እንዳትነግራቸው። ያስጨንቃቸዋል።»

አልነገርኳቸውም። ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ማለቴ በየሰዓቱ እየነቃሁ።

ማለዳ ላይ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ነፋስ የሚባል የለም፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ያለው ደመና እንኳን አይንቀሳቀስም። ዴዎሊንዳ ቢጫ ጃኬቷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ከኋላዋ ባልና ሚስት ሆላንዳውያን፣ እግሬን የሚያክል ካሜራ የተሸከመ ጀርመናዊ፣ ሌሎችም አሉ። ገና ከወደቡ ራቅ እንዳልን ወፎች ውሃው ላይ ሲረባረቡ አየሁ፤ ከሥራቸው ዶልፊኖች ነበሩ።

«ጋሽ ሊዱዊኖ ናቸው የጠቆሙን!» ብዬ ጮህኩ።

«ሬዲዮው ገና አልተናገረም» አለች ዴዎሊንዳ ሳትዞር።

«ትናንት ነው የጠቆሙኝ።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ቱሪስቶቹ ውሃው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚገቡት፤ መንጫጨት፣ መንካት፣ ማሳደድ የለም። ሆላንዳውያኑ ሾርባ ውስጥ እንደሚገቡ ሁለት የዳቦ ቁራሾች በዝግታ ገቡ። ዶልፊኖቹ ከሥራቸው አንዴ አለፉ፣ አንዷ ዞር ብላ ባልየውን አየችው፣ ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተከተልናቸውም። ሰውዬው ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይስቃል። «አየችኝ! አየችኝ!» ይላል። ለዴዎሊንዳ «ይኸው፣ ሰው ተደሰተ» አልኳት። «ዶልፊን ለማግኘት ማማ አያስፈልገንም» አለችኝ።

ያኔ ሬዲዮው ተናገረ።

«ጓልተር፣ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ ጋሼ።»

«ወደ ደቡብ ምዕራብ ሂድ። ጥቁሩን ዓለት እለፈው። አንድ ትልቅ አለ፣ እያረፈ ነው።»

ሄድን። ሞተር አጠፋሁ። ጀርመናዊው ካሜራውን አነሳ። ውሃው ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጀርመናዊው ካሜራውን አወረደ። ደግሞ አነሳው። አንድ የረባ ሞገድ እንኳን ቢመጣ ሰበብ አደርገው ነበር። ከበስተኋላችን ቤልሚሮም ዴዎሊንዳን እያየ ትእዛዝ አክባሪ መስሎ ደርሶ ቆመ።

«አገኘህ?» አለ ሬዲዮው።

ዴዎሊንዳ አሁን ዞራ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ሌላ ሰው ቢሆን «አንድ አለ» ብሎ ያቆም ነበር። እኔ ግን ትንሽ ነገር አፌ ውስጥ አይቆይም።

«አግኝቻለሁ ጋሼ! እናት ናት፣ የወደቡን ግንብ ታህላለች! ግልገልም አላት፤ ጎኗ ላይ ተለጥፎ እየጠባ!»

«ግልገል አልክ?» አለ ሬዲዮው።

«ግልገል።»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የጥንቱ ሊዱዊኖ ነበር፤ ርችት የሚተኩሱት፣ መንደሩን የሚያስሮጡት ሰውዬ። «ሁሉም ጀልባ ይስማ! ግልገል አለ! ሁላችሁም አካባቢውን ለቃችሁ ውጡ። ጓልተር፣ ሞተርህን በቀስታ አስነስተህ ወደ ኋላ በል። አሁኑኑ!»

ለካ ሕጉን ረስቼው ኖሯል። ከምታጠባ እናት አጠገብ ማንም አይቆምም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አጠገቡ ነኝ» አለ ቤልሚሮ በሬዲዮ። «የማየው ጓልተርን ብቻ ነው። ትልቅስ ትልቅ ነው፤ እየጠባ ግን አይደለም።»

«ዝም በል አንተ! የሰው አራስ ቤት እንዲህ ነው የምትቆመው? ውጣ ብያለሁ!» ቀጠሉና፣ «ጓልተር፣ ራቅህ?»

«እየራቅሁ ነው ጋሼ።»

«ግልገሉ አልደነገጠም?»

«ኧረ… ደህና ነው።»

ዴዎሊንዳ መጥታ የሬዲዮውን መናገሪያ ከእጄ ወሰደች። አለቀ፣ ልትነግራቸው ነው አልኩ። አፏን ከፈተች። ወደ ገደሉ፣ ወደዚያች ነጭ ነጥብ ተመለከተች።

«ወጥተናል አባባ» አለች። «ሁላችንም ወጥተናል።»

መናገሪያውን መልሳ ሰጠችኝ። ጀርመናዊው ምን ተፈጠረ ብሎ ሲጠይቃት፣ አካባቢው ተዘግቷል አለችው። በሁለቱ ጀልባዎች፣ አንዳች እንዳናስደነግጥ በዝግታ፣ ከዚያ ባዶ ውሃ ላይ ወደ ኋላ ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ «ና፣ አብረኸኝ ትወጣለህ» አለችኝ። ወደ ማማው ወጣን። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ እኔ እንኳን፣ ተራራችንን በአንድ እግሬ የወጣሁ ሰው፣ ሁለቴ አረፍኩ።

ጋሽ ሊዱዊኖ በሩን ከፍተው ተቀምጠዋል። እግራችንን ሰምተው ፈገግ አሉ። «ከስንት ጊዜ በኋላ ግልገል!» አሉ። «እዚህ ሆኜ ሳስበው፣ ቆዳው ገና የተሸበሸበ ይሆናል። አይደለም? ሲወለዱ እንደዚያ ናቸው።»

ዴዎሊንዳ ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ ማማውን ልዘጋው ነው።»

«ግልገል ባገኘንበት ቀን?» አሉና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ትንሽ ስተው፣ ከትከሻዬ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት። «ጓልተር፣ ንገራት እንጂ።»

መናገር አቃተኝ። እኔ፣ ጓልተር።

«ግልገል አልነበረም አባባ» አለች።

«እናትየውስ?»

«እሷም አልነበረችም ጋሼ» አልኩ።

«ሐሙስ ዕለት ያየሃቸው ሁለቱስ?»

«እነሱም ጋሼ።»

«ከጀልባህ ሥር ያለፈችው? አንድ ሙሉ ማለዳ ስለሷ ያወራኸኝ?»

«እሷም።»

«ጅራቱ የተቆረጠውስ? ያ የፋሲካው?»

እሱን እኔም እወደው ነበር። ጠባሳውን የፈጠርኩለት እኔ ነኝ፤ ከየት እንዳመጣው ሁሉ ታሪክ ሠርቼለታለሁ።

«እሱም ጋሼ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተራ ወሬ እንዲህ አሉ፦ «ከፋሲካ ወዲህ እኔ የማየው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ነፋስ እዚያ ይሆናሉ ብዬ ነበር የምነግርህ። ሊነቃብኝ ነው፣ ነገ እወርዳለሁ እያልኩ። አንተ ግን በየቀኑ አገኘሁ አልክ። እንግዲያው ያለ ዓይንም አውቀዋለሁ አልኩ። ሰው እንደዚህ ሊሆን ይችላል ብዬ አመንኩ።»

«ላስደስትዎ ብዬ ነው ጋሼ።»

«አስደስተኸኛል።»

ዴዎሊንዳ አንገቷን ደፋች።

«አንድ ቀን የለም ብትለኝ ኖሮ» አሉ፣ «በማግስቱ በራሴ ፈቃድ፣ በራሴ እግር እወርድ ነበር። ሰው ሊወስደኝ ሳይመጣ።»

ኮታቸውን ለበሱ። መነጽሩን አልነኩትም። ዴዎሊንዳ በሩን ስትቆልፍ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃ ነበር። እሷ ከፊት፣ እሳቸው መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆነን መውረድ ጀመርን። ክንዴን ብሰጣቸው አልያዙትም።

መንገዱ ወደ ባሕር በሚከፈትበት መታጠፊያ ላይ አየሁት። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ፣ ትንፋሹ ወደ ግራ አዘንብሎ ብቅ አለ፣ በፀሐዩ ውስጥ ተበተነ። ደግሞ ብቅ አለ። መካከለኛ ዓሣ ነባሪ ነበር። ብቻውን፣ በዝግታ ይሄዳል። ዴዎሊንዳም አይታው ቆመች፣ ወደ እኔ ዞረች። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ ተናገር ማለቷ ይሁን አትናገር ማለቷ አልገባኝም።

ጋሽ ሊዱዊኖ ከመሐላችን ቆሙ። «ለምን ቆማችሁ?» አሉ። ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነበር። «ጓልተር፣ የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

ትንፋሹ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። ጀርባው ሲያብረቀርቅ ይታየኛል። አለ ብላቸው፣ ያልነበረውንም ሁሉ አለ ያልኩት እኔው ነኝ፤ እንዴት ያምኑኛል?

«የለም ጋሼ» አልኩ።

«እንዲህ ነው የሚባለው» አሉና መንገዱን በእግራቸው እየዳበሱ መውረዳቸውን ቀጠሉ።