ወደ ብርድ አገር የሄደው አጎበር

ፈትሂያ ነገሩን ልብ ያለችው ልጇን የጫነው አውቶቡስ የጎሬን ዳገት ወጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ማታ አልጋ ስታነጥፍ ነው። ከልጇ አልጋ በላይ አራቱ ገመዶች ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል፤ አጎበሩ የለም። ዞር ስትል ደግሞ በጆንያ ጠቅልላ በሲባጎ ያሰረችው ወፍራም ብርድ ልብስ በሩ ሥር ቁጭ ብሏል።

ልጇ ፋጢማ ዩኒቨርሲቲ የደረሳት ደብረ ብርሃን ነው። ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ብርድ የምታውቀው የሱቃቸውን ፍሪጅ ስትከፍት ብቻ ነው። አጎበሩን ከሌላ ዕቃ ጋር በጆንያ ከትታ፣ ጆንያ ከጆንያ ተሳስታ መሆን አለበት። ፈትሂያ ስልክ ሞከረች፤ አይሠራም። መኪናው ባይገለበጥ ብርዱ አይምራትም፣ ብርዱ ቢምራት ሳንባ ምቹ አይለቃትም እያለች ቁጭ ብድግ አለች።

በሩን ግን አልቆለፈችም። እናቷ ጎሬ ሳሉ፣ መንገደኛ ካሰበበት ሳይደርስ በር አይቆለፍም፣ መንገዱ ይዘጋበታል ይሉ ነበር።

ጎረቤቷ አጓ ከባሮ ዳር ዓሣ ይዛ ስትመለስ ይህን ሰምታ ሳቀች። ሌባ ቢመጣስ ምን ልትይው ነው አለቻት። ልጄ መስለኸኝ ነው እለዋለሁ ብላ መለሰች። እንግዲያው ራቱን እኔ ልቻል አለችና አጓ ካመጣችው ዓሣ አንዱን አስቀምጣላት ሄደች።

ፈትሂያ ከልጇ አልጋ ላይ ጋደም አለች። ቢምቢው አላስተኛ ሲላት ጆንያውን ፈትታ፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብሱን ተከናነበችው። ሙሽራ ሆና ከጎሬ ስትወርድ በጭነት መኪና ላይ አቅፋው የመጣችው ነው። አማቷ ያኔ፣ በዚህ አገር ይህን ለብሶ የሚተኛ ሬሳ ብቻ ነው ብለው ስቀውባት ነበር። ላቧ እየተንቆረቆረ የጎሬ ጉም ሸተታት፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ተሰማት። በእንቅልፍ ልቧ ባሮ ፊቱን አዙሮ ሽቅብ ይፈስ ጀመር፤ ማንጎዎቹን፣ የአጓን ዓሣዎች፣ የሱቁን መብራት ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ከፊቱ አውቶቡሱ፣ በመስኮቱ ነጭ አጎበር ይውለበለባል።

ቀናት አለፉ፤ በሩም እንደተገረበበ ያድር ነበር። አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ ደርሻለሁ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው።»

ፈትሂያ አልሐምዱሊላህ ከማለቷ የብርድ ልብሱን ነገር አነሳችባት። ልጅቷ የክፍሏ ልጆች ሌላ ብርድ ልብስ እንዳዋሷት ነገረቻት። አጎበሩን ግን ስትሰቅለው፣ እዚህ ቢምቢ ቢመጣ እሱም ጃኬት ይለብሳል ብለው ሳቁባት።

«ጆንያው ተምታቶብሽ ነው አይደል?»

«አውቄ ነው የወሰድኩት፣ እማ። ውስጡ ስገባ ቤት ነኝ።»

ፈትሂያ አልጋው ላይ የተዘረጋውን ብርድ ልብስ አየችው። ልትቆጣ ያሰበችው ጠፋባት።

«የአጎበሩን ጫፍ ከፍራሹ ሥር አስገቢው» አለች። «ክፍት እንዳታሳድሪው።»

«አስገብቼዋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሄዳ በሩን ገጠመችና ቁልፉን አዞረችው።