ከካሱ ስም ጎን የነበረው

ምሽጉን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ፍየል ናት። የጎረቤታችን የሸዋንዳኝ ፍየል ከሰፈራችን ከሴቻ በላይ ካለው ቁጥቋጦ ገብታ ጠፋች፤ ስፈልጋት ድምፅዋን ከእግሬ ሥር ሰማሁት። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ለሰው ስናገር ግን ፍየሏ በሦስተኛው ቀን የወታደር ቆብ አድርጋ ወጣች እላለሁ። "ማዕረጓስ?" የሚል አይጠፋም። "ሃምሳ አለቃ። ከዚያ ወዲያ በገመድ አልታሰር አለች" እላለሁ።

ደርግ ሲወድቅ ኮረብታው ላይ የነበረው ጦር ሁሉን ጥሎ ሄደ። ቆርቆሮውን የሰፈሩ ሰው ወሰደው፣ የብረት በሩን ቆራሌው ወሰደው፣ ከመሬት በታች ያለው ሲሚንቶ ግን የሚሸከመው ጠፍቶ ቀረ። ሃያ ሁለት ደረጃ ትወርዳለህ። አንደኛው ክፍል ውስጥ ሽቦው የረገበ የብረት አልጋ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ባዶ የጥይት ሣጥኖች አሉ። ሦስተኛው ውስጥ የሌሊት ወፍና ኩሷ፤ ሌላ ምንም።

እኔ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ የተውኩ ሰው ነኝ። ጋሻዬ ሲባል ሲቀላ መናኸሪያ የማያውቅ የለም። "አንድ ሰው የቀረው ገረሴ!" እያልኩ እጣራለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሹፌሩ ብቻ እያለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ምሽጉን አስጎበኛለሁ። የሻይ ይሰጡኛል። መተላለፊያው በአባያ ሐይቅ ሥር ያልፋል፣ ጆሮህን ግድግዳው ላይ ብታደርግ ዓሣ ሲያስነጥስ ትሰማለህ እላቸዋለሁ። ጆሯቸውን ያደርጋሉ። አንድ ወታደር እስካሁን ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ ብቅ ብሎ የሲጋራ ዋጋ ይጠይቃል፤ መንግሥት ተቀየረ ብዬ ብነግረው "በማን ፈቃድ?" አለኝ እላቸዋለሁ።

ሦስተኛው ክፍል ግን አስቸገረኝ። ምንም የሌለበትን ክፍል ምን ብለህ ታስጎበኛለህ? በሚስማር ስም ልጻፍበት አልኩ፤ ወታደሮቹ ከመሞታቸው በፊት የጻፉት ብዬ። ታሪክ መፍጠር አይቸግረኝም። ስም መፍጠር ግን ያቅተኛል፤ የማስበው ስም ሁሉ የማውቀው ሰው ሆኖ ይመጣል።

ያን ሰሞን ሙሉዬ፣ መናኸሪያው በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጠው፣ የምትጠቀልልበት ወረቀት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ቢጫ የሆነ የድሮ መዝገብ ነበር። አንዱን ጥቅልል ገዝቼ ይዤ ወረድኩ። ኦቾሎኒውን እየበላሁ ወረቀቱን ዘረጋሁት። "በ1980 ለብሔራዊ ውትድርና የተላኩ" ይላል። ከሥሩ አሥራ አንድ ስም። ሰጠኝ! አሥራ አንዱንም ግድግዳው ላይ በሚስማር ጫርኳቸው፣ ለእያንዳንዱም ደስ ያለኝን ማዕረግ ሰጠሁት፤ ለአንዱ ወታደር፣ ለአንዱ አሥር አለቃ፣ ለአንዱ ሻምበል። ስጨርስ የሌሊት ወፎቹ ስላስቸገሩኝ ወረቀቱን አቀጣጥዬ አጨስኩባቸው። አመዱ እዚያው ወለሉ ላይ ቀረ።

በ2001 ጥር ላይ ካመጣኋቸው ተማሪዎች መካከል አንዷ አልሳቀችም። ሌሎቹ ስለ ዓሣው ሲንጫጩ እሷ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ቆማ በሞባይሏ መብራት ግድግዳውን ታያለች።

"ይኼን ማን ነው የጻፈው?"

"እነሱው ናቸው። ሊሞቱ ሲሉ።"

"በምን?"

"በሳንጃ።"

ሌላ አልጠየቀችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ መናኸሪያ ስጣራ ከገረሴ መኪና ላይ ወረደች፤ አንዲት ጋቢ የለበሱ ሴት ይዛለች። የመኪናው ሹፌር ዲሪባ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ጋሻዬ! ከገረሴ ድረስ ነው የሚፈልጉህ። ደግሞ የማንን ተራራ ሸጥክ?" አለኝ።

"ዕድላዊት እባላለሁ" አለች ልጅቷ። "እናቴ ናት፤ ወይዘሮ አገርነሽ። ግድግዳው ላይ 'አሥር አለቃ ካሱ ጌታነህ' የሚል ስም አለ። ወንድሜ ነው።"

"የስም ሞክሼ አይጠፋም" አልኳት።

"ከላዩና ከሥሩ ያሉትም ከእኛ ቀበሌ አብረውት የሄዱ ናቸው። ሞክሼዎች ሁሉ እዚያው ተሰልፈው ነው?"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን ዲሪባ እያየኝ ነበር፣ ሙሉዬም እያየችኝ ነበር። "ኑ፣ ላሳያችሁ" አልኩ።

በባጃጅ ሄደን ከዚያ በእግር ወጣን። ደረጃው ጋ ስንደርስ እማማ አገርነሽን እጃቸውን ልይዝ ስል፣ "ተወኝ" አሉ። "እኔ የገረሴ ተራራ ሰው ነኝ። ሜዳ ላይ ነው የምወድቀው።" ሃያ ሁለቱን ደረጃ ከእኔ ቀድመው ወረዱ። አልጋውን አለፉት፣ ሣጥኖቹን አለፉ። ስለ ዓሣው አልተናገርኩም።

ማንበብ አይችሉም። ዕድላዊት እጃቸውን ይዛ ስሙ ላይ አስቀመጠችላቸው። በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፤ ተመልሰው ደግሞ ሄዱበት።

"የመጀመሪያው ምንድን ነው?"

"አሥር አለቃ ነው የሚለው፣ እማዬ።"

"አሥር አለቃ ሆነ?" አሉ። ፊታቸው ትንሽ በራ። "ሳይማር? ማን አደረገው?"

እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ከሁለተኛው ክፍል የጥይት ሣጥን አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው አዩኝ። "ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ አለችኝ። እዚህ ነው የሞተው?"

"ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ይግባው" አለች ዕድላዊት። ወደ እኔ ዞራ ዝግ ብላ ነገረችኝ። ካሱን የወሰዱት በገበያ ቀን ነው። እሷ የተወለደችው በዓመቱ ነው፣ አታውቀውም። በእነሱ ሰፈር አየሁ የሚል ሰው መርዶ ካላመጣ ለቅሶ አይቀመጡም፤ በሕይወት ያለ ሰው ከተለቀሰለት ይሞታል ይላሉ። አባቷ ለቅሶውን እንዳፈነ ሞተ። እናቷ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀንም ጮክ ብላ አላለቀሰችም።

"ካለቀስኩ እገድለዋለሁ" አሉ እማማ አገርነሽ፣ ስለ በቆሎ እንደሚያወራ ሰው። "ካላለቀስኩ ደግሞ ይኸው እኔ እያረጀሁ ነው። ማን ያለቅስለታል? ይቺ አታውቀው። ቁርጡን ንገረኝ።"

የሌሊት ወፍ አንዴ በላያችን አለፈች።

"ውሸት ነው፣ እማማ" አልኩ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። በሚስማር። ስሙን ያገኘሁት ኦቾሎኒ ከተጠቀለለበት የድሮ የቀበሌ መዝገብ ወረቀት ላይ ነው።"

ዕድላዊት ሳቀች፤ ሳቅ ባይባልም። "ኦቾሎኒ?"

"ኦቾሎኒ።"

"ሰው ሊያመልጥ ሲል እንኳ ትንሽ ደህና ነገር ይፈጥራል! የቀበሌ መዝገብ ላይ ኦቾሎኒ?"

"እግዜር ይየኝ።"

"ደሞ እግዜርን አመጣው። ወረቀቱ የታለ?"

"አቃጠልኩት። ያው አመዱ።" በእግሬ አሳየኋት። "ሙሉዬም ጨርሳዋለች፤ አሁን በተማሪ ፈተና ወረቀት ነው የምትጠቀልለው።"

"እማዬ፣ ተነሺ፣ እንሂድ። ይኼ ሰውዬ እየቀለደብን ነው።"

እማማ አገርነሽ አልተነሡም። "ዕድሜው ስንት ይላል?" አሉኝ።

"አሥራ ስምንት።" ይህን አልረሳሁትም፤ ያኔ አስቆኝ ነበር። "አሥራ አንዱም አሥራ ስምንት ነበሩ፣ አንድ እናት በአንድ ቀን የወለደቻቸው ይመስል።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "አሥራ ስድስት ነበር" አሉ። "ገና አሥራ ስድስት ነው ብዬ ስጮህ የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊቴ ቁጭ ብሎ አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈው። እኔ አላነብም፣ ግን ጮክ ብሎ ነው የጻፈው።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ወረቀቱን አይቷል።"

ዕድላዊት ሞባይሏን ዝቅ አደረገች። ለጥቂት ጊዜ የሁላችንም ጫማ ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ በተማሪ ድምፅ፣ "በስተመጨረሻ 'ምርመራ' የሚል ዓምድ ነበረው?" አለችኝ።

"ነበረው።"

"ምን ይላል?"

"ለአንዳንዱ ባዶ ነው። ለአንዳንዱ በቀይ ቀለም መስቀል ተደርጎበታል፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው። በኋላ የተጨመረ ነው፣ ቀለሙ ሌላ ነበር።"

"ለካሱስ?"

ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘረጋሁት። ጨው የነካው ጣቴ ይታየኛል። የዘይት ጠብታ ይታየኛል። "ካሱ ጌታነህ፣ 18"። ከዚያ ወደ ቀኝ ስሄድ ቀይ መስቀል አለ። ደግሜ ስሄድ የለም።

"አትቸኩል" አሉ እማማ አገርነሽ። "ሃያ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።"

የሞባይሉ መብራት እየደከመ ሄደ። እኔ ዕድሜ ልኬን ፍየል በማዕረግ ስሾም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትና የፈጠርኩት ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ላይ ነው የሚያድሩት፣ አንድ ልብስ ነው የለበሱት። አለ ብል ይሆናል። የለም ብልም ይሆናል። ሁለቱም ምላሴ ላይ እኩል ይከብዳሉ። ሴትዮዋ አይቆጡም፣ አይለምኑም። ጣታቸው ብቻ የሣጥኑን እንጨት ቀስ እያለ ይልጣል። ከዚህ ተመልሰው ደረጃውን ወጥተው፣ ያው እንደመጡ ሆነው መኪና ሲሳፈሩ፣ እኔም "አንድ ሰው የቀረው ገረሴ" እያልኩ ስጣራ ታየኝ።

"መስቀል ነበረው" አልኩ።

"አየህ?"

"አየሁ።"

"በል እሺ" አሉ። እዚያ አላለቀሱም። ወለሉ ላይ በርከክ ብለው አመዱን ከአፈሩ ጋር በመዳፋቸው ዘገኑና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በማግስቱ እሑድ ገረሴ ወሰዱኝ። ዲሪባ ጋቢና አስቀመጠኝና እስክንደርስ አንድ ቃል አልቀለደም። ሽማግሌዎቹ በማለዳ ተሰብስበው ነበር። መሀላቸው አቆሙኝና ያየኸውን ተናገር አሉኝ።

"ስሙን መዝገብ ላይ አይቻለሁ" አልኩ። "መስቀል ነበረው።"

ይኸው ነው። ዓሣ የለ፣ ፍየል የለ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ ማንም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ከዚያ የእማማ አገርነሽ ድምፅ ተነሣ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። "አሥር አለቃዬ!" እያሉ ነበር የሚጮሁት። ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ "አሥር አለቃው!" እያለ ግቢው ሁሉ አለቀሰ።

ያየ ሰው ነው ብለው እኔን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝ። ንፍሮ ሰጡኝ፤ በላሁ። አባቴ የሞተ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ምን ይል ይሆን እያለ አፌን ሲያይ፣ አንድ ነገር ብዬ አሥቄው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረቴ ሥር ያለው ነገር እንደደነዘዘ እግር ነው፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ ብረግጥበት ግን አይሰማኝም። እዚያ ድንኳን ውስጥም ረገጥኩበት።

ወደ ማታ ዕድላዊት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ለማታውቀው ወንድሟ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ነበር።

"እውነት ነበረው?" አለችኝ፣ ማንም ሳይሰማ።

"ነበረው።"

ፊቴን ቆይታ ቆይታ አየችው። "ስትዋሽ መለየት አልቻልኩም" አለች።

"እኔም" አልኳት።

ከሳምንት በኋላ ብቻዬን ምሽጉ ወረድኩ። ስሞቹን ልፍቅ ነበር ሐሳቤ፤ ሻካራ ድንጋይ ይዣለሁ። ከላይ ጀመርኩና የመጀመሪያው ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የእኔ ውሸት ማዕረጎቹ ናቸው፤ ስሞቹ የሰው ናቸው። ማዕረጎቹን አንድ በአንድ ፋቅኋቸው። ሻምበሉም ቀረ፣ ወታደሩም ቀረ። አሥሩ ስም ብቻ ሆኖ ቆመ፣ ገበያ ላይ እንደተያዙበት ቀን።

የካሱን አሥር አለቃነት ግን አልነካሁትም። እናቱ ደስ ብሏቸው ነበር።